ከአጭር ሕመም በኋላ

ዶክተር አልሲድ ፖሊየስ ፖለቲካ ውስጥ የገባው በሞት ማስታወቂያ በር ነው።

በሴንት ኦሬል ደሴት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰው ሁሉ ሥራውን ያቆማል። ሬዲዮው የሞቱትን ስም የሚያነብበት ሰዓት ነው። ሱቅ ውስጥ ሚዛን ላይ የወጣው በጨው የደረቀ ዓሣ ሳይመዘን ይቆያል፤ አውቶቡሱ መንገድ ዳር ይቆማል፤ የተጣሉ ባልና ሚስት እንኳ ጭቅጭቃቸውን ለአሥር ደቂቃ ያቆዩታል። ማስታወቂያው ረጅም ነው። የሟቹ ሙሉ ስም ይነበባል፤ ቀጥሎ ቅጽል ስሙ፣ በሙሉ ስሙ የሚያውቀው ሰው የለምና፤ ከዚያ ልጆቹ፣ ወንድም እህቶቹ፣ የክርስትና ልጆቹ፣ ባሕር ማዶ ያሉት ሳይቀሩ። የሞተበት ምክንያት ግን አይነበብም። ለዚያ የተዘጋጁ ሁለት አባባሎች ብቻ አሉ፤ «ከአጭር ሕመም በኋላ» እና «ከረጅም ሕመም በኋላ»። ከኮኮናት ዛፍ ላይ የወደቀ ሰውም የሚሞተው ከአጭር ሕመም በኋላ ነው።

አልሲድ ጃማይካ ሕክምና ተምሮ ሲመለስ የተመደበው በተወለደበት ሰሜን፣ አንስ ኑዋር በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበረው። ነርሷ ዩፌሚያ ሴራፊን ትባላለች፤ አባቱ ባሕር ላይ በቀረበት ዓመት አልሲድን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት። እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። ሰው ሲሞት፣ ሞቱን አረጋግጦ ቦርሳውን ዘግቶ አይሄድም ነበር። ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና «ወረቀት አምጡ» ይላል። ቤተሰብ ሁሉ የሚጣላው ማስታወቂያው ሲጻፍ ነውና፦ ማን ይቅደም? ከትዳር ውጭ የተወለደው ይጠራ ወይስ ይቅር? ያቺ ከወንድሟ ጋር ስምንት ዓመት ያልተነጋገረችው እህትስ? አልሲድ ሁሉንም ይሰማል፤ ከዚያም ማንንም ሳይዘል ይጽፋል። ሬዲዮው ሲያነበው መንደሩ እያንዳንዱን ስም በጣቱ ይቆጥራል፣ የጎደለ የለም።

ነፃነት ሊታወጅ ዓመት ሲቀረው የፓርቲው መሪ ሚስተር ላቫል ከዋና ከተማዋ ድረስ መጣ፤ አልሲድን ለሰሜን ተወዳዳሪ ሊያደርገው። ስብሰባው ላይ የአልሲድ የትምህርት ቤት ጓደኛ የነበረው ዓሣ አጥማጁ ቴዎፊል ተነስቶ፣ «የሞቱትን እንዲህ አድርገህ ከጻፍክልን፣ በሕይወት ያለነውን ደግሞ እንዴት ልታደርገን ነው?» አለው። ሰው ሳቀ። አልሲድ አሸነፈ። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ላቫል ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አልሲድ የጤና ሚኒስትር ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት መዝገብ ሲታይ ጥሩ ሠርቷል። ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ነርስ የሌለው መንደር አልነበረም። ይህ መጻፍ ያለበት እውነት ስለሆነ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ግን አያቀልለውም።

አራተኛው ዓመት ላይ አውሎ ነፋስ የሰሜኑን ምንጭ ናደው። መንደሮቹ ከወንዝ እየቀዱ ከረሙ። ሚኒስቴሩ ከአንስ ኑዋር በላይ ባለው ኮረብታ የውሃ ማጠራቀሚያ ሠራና ቧንቧ ዘረጋ። የውሃው ናሙና ጁን 17 ቀን በአውሮፕላን ወደ ጎረቤት ደሴት ተላከ፤ በሴንት ኦሬል የሚመረምር ላቦራቶሪ አልነበረም። መልሱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። ጁን 29 ደግሞ የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል፣ የዓሣ አጥማጆች ቀን ነው። ምርጫው ኦገስት 18 ነበር።

አልሲድ የመክፈቻውን ፈቃድ ጁን 27 ቀን ፈረመ።

እንዲያ ያደረገው ለምርጫው ብቻ አልነበረም። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ከወንዙ እስከ ቤት ውሃ በራሷ ተሸክማ ወጥታለች፤ አንገቷ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ነው የተቀበረችው። ቧንቧው መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን ሲፈስ ማየት ፈለገ። ፀሐፊው «የምርመራው ወረቀት አልመጣም እኮ» ሲለው «የኮረብታ ውሃ ነው፣ እኔ በልጅነቴ ጠጥቼዋለሁ» አለ። በልጅነቱ ግን ኮረብታው ላይ የሙዝ ማሸጊያ ጣቢያ አልነበረም። የጣቢያው ሽንት ቤት በዝናብ ሞልቶ ከማጠራቀሚያው ጥግ መሬት ውስጥ ይሰርግ ነበር።

በበዓሉ ቀን ቄሱ ጀልባዎቹን የባረኩት ከአዲሱ ቧንቧ በተቀዳ ውሃ ነው። በአንስ ኑዋር የጴጥሮስ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። ሁሉም በባዶ የሩም መጠጥ ጠርሙስ፣ በሽሮፕ ጠርሙስ ቀድቶ ይወስድና ከቅዱሱ ሥዕል ሥር ያኖረዋል፤ ባል ባሕር ሲወጣ አንድ ጉንጭ ይጠጣል፣ የታመመ ሰው በማንኪያ ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አልሲድ ራሱ ሞላና ለዩፌሚያ ሰጣት። ሕዝቡ አጨበጨበ።

የምርመራው መልስ ጁላይ 9 ደረሰ። ለመጠጥ አይሆንም ይላል። በማግስቱ ቧንቧው ተዘጋ። የሚኒስቴሩ መግለጫ «ለጥገና» አለ። ትኩሳቱ ከዚያ ቀጥሎ ሲጀምር ሁለተኛ መግለጫ ወጣ፤ ወቅቱ የማንጎ በመሆኑ ያልታጠበና ያልበሰለ ማንጎ ሆድ እያስቸገረ ስለሆነ ሕዝቡ እንዲጠነቀቅ የሚል። ለሐኪሞች በተላከው ሌላ ደብዳቤ ላይ የሞት ምክንያት «ተቅማጥና ትኩሳት» ተብሎ እንዲመዘገብ ታዘዘ። ሦስቱም ላይ ያለው ፊርማ የአልሲድ ነው።

የመጀመሪያዋ ሟች ማርሴሊን፣ የቴዎፊል ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ጁላይ 24፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።

ጁላይ 30 ቀን ዩፌሚያ ዋና ከተማ ገባች። ፀሐፊው ቀጠሮ ሲጠይቃት አልፋው ገባች። በእጇ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር።

«ምን ብዬ ልጥራህ?» አለችው። «ክቡርነትዎ ልበል?»

«እማማ ዩፌሚያ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«ሦስት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነው የመጣሁት። አሁን ቆሜ ልናገር።» ጋዜጣውን ፈታችው። ጠርሙሱ ነው፤ እንደተሞላ አለ። «አንተ የሰጠኸኝ ነው። እኔ አልጠጣሁትም። ሌሎቹ ግን እየጠጡ ነው።»

«ቧንቧው ተዘግቷል።»

«ቧንቧው ተዘጋ፣ ጠርሙሱስ? ልጅ ሲያተኩሰው ምን እንደሚሰጡት አታውቅም? ወይስ ከተማ ስትገባ ረሳኸው?»

አልሲድ አልረሳውም። ጠርሙሶቹ በየቤቱ እንዳሉም መልሱ በደረሰበት ቀን ትዝ ብሎታል።

«ያለ ደብዳቤ የላክኸው መድኃኒትም ደርሶኛል» አለች። «ስሙን ከሣጥኑ ላይ አስፍቀኸዋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ፣ እንክብል በመልኩ የማላውቅ መሰለህ? የታይፎይድ ነው። ታይፎይድ መሆኑን ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። የማያውቁት የሚሞቱት ብቻ ናቸው።»

«ለምን እርስዎ አይነግሯቸውም?»

«ነገርኳቸው። የተባረከ ውሃ ድፉ ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ልጃችን አልሲድ በሬዲዮ ማንጎ ነው ብሏል። ሐኪሙ እሱ ነው ወይስ አንቺ?› አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንተን የሚያምኑት እኔን ከሚያምኑት ይበልጣል። ቴዎፊል የማንጎ ዛፉን ቆረጠው፣ ይህን ሰምተሃል? ልጄን የገደለ ብሎ በመጥረቢያ ጣለው። ከዚያ ቤት ገባና ለታናሿ ከጠርሙሱ ቀድቶ አጠጣት።»

«ታናሿ እንዴት ናት?»

«ትናንት ማታ ትኩሳት ጀመራት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አራተኛው ሰው ሞቷል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ትሰማዋለህ።»

አልሲድ መስኮቱን እያየ፣ «አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው» አለ።

«ለምኑ?»

«ለምርጫው። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ…»

ዩፌሚያ ጋዜጣውን ቀስ ብላ አጣጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ስንት ማንኪያ ነው?» አለችና ወጣች።

በዚያው ቀን አልሲድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ሄደ። ላቫል ምሳ ላይ ነበር፤ የተጠበሰ ዓሣና የተቀቀለ ሙዝ። አልሲድን በጥሞና ሰማው። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይህ ነው።

«ቧንቧውን ዘግተሃል። መድኃኒቱን ልከሃል» አለው። «ምን ቀረህ? ስሙን መጥራት ብቻ ነው። ያንን ቃል አንዴ ከጠራኸው የቱሪስት መርከቦቹ ዓመት ሙሉ ዝር አይሉም፣ ሰሜንም ከእጃችን ይወጣል። ሰሜን ከሄደ የሚተኩን ሰዎች ደግሞ የጤና ሚኒስቴርን ለማን እንደሚሰጡት ታውቃለህ። ክሊኒኮችህን ይዘጓቸዋል። ወንድሜ፣ ስም መጥራት ማንን ያድናል?»

አልሲድ መልሱን ያውቀው ነበር። ስም መጥራት ያድን የነበረው ጠርሙስ ያለበትን ቤት ሁሉ ነው። ነገር ግን «ክሊኒኮችህን» የሚለው ቃል ያዘው፤ እውነትነት ነበረው። «እሺ፣ እስከ ምርጫው» አለ። ምሳም ቀረበለት፣ በላ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የቢሮውን በር ይዘጋና ሬዲዮውን ይከፍታል። አንባቢው ሚስተር አይዛክ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልተለወጠ ድምፅ። ኦገስት 3፣ አንስ ኑዋር፣ ከአጭር ሕመም በኋላ። ኦገስት 7፣ አንስ ኑዋር፣ ከአጭር ሕመም በኋላ። ኦገስት 8፣ ከአንስ ኑዋር ቀጥላ ያለችው መንደር፣ ከአጭር ሕመም በኋላ። አልሲድ የቤተሰቡን ስም ያዳምጣል፤ ብዙዎቹን እሱ ራሱ አዋልዷቸዋል። ኦገስት 12 ቀን በተነበበው ላይ የሟቹ አንድ ልጅ ስም ተዘልሎ ነበር። ለምን እንደተዘለለ ያውቃል፤ እሱ እዚያ ቢኖር ኖሮ ይጻፍ ነበር። ስለዚያ የተዘለለ ስም ከሰዎቹ ሞት የበለጠ እንደተናደደ በኋላ ለልጁ ለክላሪስ ነግሯታል። በራሱ አፍሮ ነው የነገራት።

ጠርሙሱ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ኦገስት 16 ጠዋት ከአንስ ኑዋር ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ተደወለ። ቴዎፊል ነው።

«ዩፌሚያ ሌሊት አረፈች» አለ። «የታመሙትን ስታጥብ፣ ስታነሳ፣ ያዛት። መድኃኒቱን ለልጆቹ እየሰጠች ለራሷ አላስቀረችም።»

አልሲድ መሳቢያውን ከፈተ፤ ጠርሙሱ እዚያው ነው።

«ማስታወቂያዋ መጻፍ አለበት» አለ ቴዎፊል። «ባል የላት፣ ልጅ የላት። በወጉ ከሆነ የክርስትና ልጇ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ደወልኩ እንጂ ሌላ የምንነጋገረው የለንም።»

«ታናሿ ልጅህስ?»

«በሕይወት አለች። ማስታወቂያውን ጻፍ።» ስልኩ ተዘጋ።

አልሲድ ወረቀት አወጣ። ሙሉ ስሟን ጻፈ። ቅጽል ስሟን ጻፈ። እህት ወንድሞቿን፣ የክርስትና ልጆቿን አሥራ አራቱን፣ የራሱን ጨምሮ። ከዚያ «ከአጭር ሕመም በኋላ» የሚባልበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። በዚያች ደሴት መንግሥት የሚያወጣውን መግለጫ የሚያምነውም የማያምነውም አለ። የሞት ማስታወቂያን የማያምን ግን የለም፤ እየሰማ ሌላ ሥራ የሚሠራም የለም።

ሬዲዮ ጣቢያው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፤ በእግሩ ሄደ። ሚስተር አይዛክ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን እስከ ታች አነበበውና መለሰለት።

«ዶክተር፣ ምክንያት አይነበብም» አለ። «ሠላሳ ዓመት አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ሚኒስትሩ ናቸው ያዘዙት ልበል?»

«ሚኒስትሩ አላዘዘም። እኔ የመጣሁት የክርስትና ልጇ ሆኜ ነው።»

ሚስተር አይዛክ ሰዓቱን አየ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ተነሳ።

«እንግዲያው ራስህ ተቀመጥና አንብበው። የእኔ ምላስ አልለመደውም፣ ይሰናከላል።»

አልሲድ አነበበ። ድምፁ ከአይዛክ ድምፅ ስለሚለይ፣ በመላ ደሴቲቱ ሰው ወደ ሬዲዮው ጠጋ አለ።

«የአንስ ኑዋር ነዋሪ የነበረችው ዩፌሚያ አንቷኔት ሴራፊን፣ ‹ነርስ ፌሚ› በሚለው ስሟ የምትታወቀው፣ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ማረፏን እንገልጻለን። የሞተችው በታይፎይድ ነው። ታይፎይዱ የመጣው ከአዲሱ የአንስ ኑዋር ቧንቧ ውሃ ነው። ውሃው ሳይመረመር እንዲከፈት የፈረምኩት እኔ አልሲድ ፖሊየስ ነኝ። ማንጎ ነው ብዬም ዋሽቻለሁ። የዘንድሮ የጴጥሮስ ውሃ ያለበት ጠርሙስ በቤቱ ያለ ሰው ዛሬውኑ ይድፋው። ለታመመ አይስጥ። ያተኮሰው ሰው ሁሉ ክሊኒክ ይሂድ።» ከዚያ የቤተሰቡን ስም፣ ማንንም ሳይዘል፣ እስከ መጨረሻው አነበበ።

አንስ ኑዋር ውስጥ ጠርሙሶቹን ሰው የሚረግጠው መሬት ላይ መድፋት ስለከበዳቸው ወደ ባሕሩ ወሰዷቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ቀድመው የታመሙ። ጠቅላላው አሥራ አንድ። ከጁላይ 30 በኋላ ከሞቱት ሰባት ሰዎች ውስጥ ያን ዕለት ቢነገራቸው ስንቶቹ ይተርፉ እንደነበር የትኛውም መዝገብ አይናገርም።

ላቫል አልሲድን በዚያው ቀን ከሥልጣን አነሳው። ከሁለት ቀን በኋላ በተደረገው ምርጫ ፓርቲው ሰሜንን አጣ። በሌሎቹ ወረዳዎች ግን በሰፊው አሸነፈ። ሰሜን አላስፈለገውም ነበር። እነዚያ አሥራ ሰባት ቀናት ለማንም አልጠቀሙም፤ ለላቫልም ቢሆን።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ አልሲድ የልደትና ሞት መዝገብ ቤት ሄደ። የተመዘገበ የሞት ምክንያት እንዲታረም፣ መጀመሪያ ምዝገባውን ያዘዘው ኃላፊ ራሱ ቀርቦ በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም መፈረም አለበት። ትእዛዙ ስላልተሻረ አሥራ አንዱም በዚያው ቃል ተመዝግበው ነበር፤ አንድ በአንድ አረማቸው፤ «ተቅማጥና ትኩሳት» የሚለውን ሰርዞ «ታይፎይድ»። ለእያንዳንዱ እርማት «ስህተቱ የተፈጠረበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። ሰዎች እዚያ ላይ «በመቻኮል» ወይም «በጽሕፈት ግድፈት» ብለው ይጽፋሉ። አልሲድ አሥራ አንድ ጊዜ «አውቄ ነው» ብሎ ጻፈ። ገጾቹ ዛሬም አሉ፤ ቀለሙ አልደበዘዘም።

ከዚያ ወደ አንስ ኑዋር ክሊኒክ ተመለሰ። ሌላ ሐኪም ስላልነበረ ሰዎች ይመጡ ነበር፤ ጥርሳቸውን ነክሰው። የዩፌሚያን ጠርሙስ ባዶውን የምርመራ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ ማንም እንዲያነሳው አልፈቀደም። በዚያ የተነሳ ነው ቴዎፊል ቅጽል ስም ያወጣለት። አንድ ቀን ታናሿን ልጁን ለክትባት ይዞ መጣና፣ በር ላይ ለቆሙት ሰዎች ጮክ ብሎ፣ «ጠርሙስ አለ ወይ ውስጥ?» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ስሙ ግን ጸደቀ። በሳምንት ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ «ዶክተር ጠርሙስ» ይሉት ጀመር፤ እሱም «አቤት» ይል ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። አከመ፣ አዋለደ፣ ሞት አረጋገጠ። ሞት ካረጋገጠ በኋላ ግን ቦርሳውን ዘግቶ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት አንዴ ለምዶበት «ወረቀት አምጡ» ብሎ ነበር። የሟቹ ሚስት እንዲወጣ በሩን ከፈተችለት። ሁለተኛ አልጠየቀም።

አልሲድ የሞተ ቀን ልጁ ክላሪስ ከዋና ከተማዋ መጥታ ማዕድ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ማስታወቂያውን እንዴት እንደምትጽፈው አላወቀችም፤ የሰሜንን ዘመድ በቅጡ አታውቅም። ቴዎፊል ሳያንኳኳ ገባ። አርጅቷል፤ ጉልበቱ አይታጠፍም። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠና «ወረቀት አምጪ» አላት።

ጽሕፈቱ የዓሣ አጥማጅ ነው፣ ትልልቅና ዘመም ያለ። ሙሉ ስሙን ጻፈ። ቀጥሎ «ጠርሙስ በሚለው ስሙ የሚታወቀው» ብሎ ጻፈ።

«አጎቴ፣ ያ ባይገባ አይቻልም?» አለች ክላሪስ።

«ማን እንደሞተ አይታወቅማ።»

«ሚኒስትር ነበር እኮ።»

«እሱን ጽፌዋለሁ፣ ይኸው። በምን ሞተ?»

«በልብ።»

«በልብ» እያለ ጻፈ። በሰሜን ከነርስ ፌሚ ወዲህ የሚሞት ሰው ሁሉ የሞተበት ይጻፋል፤ በደቡብ ግን አሁንም ከአጭር ሕመም በኋላ ነው። የዘመዶቹን ስም ሁሉ በቃሉ ጻፈ፤ ክላሪስ ሰምታቸው የማታውቃቸውን ጭምር፣ ማንንም አልዘለለም። ከታች «ወዳጆቹ» የሚለው ቦታ ደረሰ። ብዕሩን አነሳ።

«እዚህ ጋ ማንን ልጻፍ?» አለ።

ክላሪስ አየችው። ቴዎፊል የራሱንም ስም ሳይጽፍ መስመሩን ባዶ ተወውና ወረቀቱን አጥፎ ሰጣት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነበበ። አንስ ኑዋር ቧንቧው ጋ ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች ለመስማት ውሃውን ዘጉት። ሲያልቅ መልሰው ከፈቱት።